ውሃ ልክ

ወንድሜ አዛናው ግንበኛ ነው፣
ውሃ ልኩን ከጎኑ የማይለየው፤
ያቺ አረፋ ከመስታወቱ መሐል ስትቆም
ፊቱ ይፈታል፤ ሌላ ደስታ አያውቅም።
የእኔም ሥራ ውሃ ልክ ነው፣
ግን ወደ ታች ነው የማነበው፦
መቶ ሜትር ገመድ፣ ከጫፉ ላይ ደወል፣
ውሃ ሲነካ «ጢጥ!» የሚል።

ሰኞ ሰኞ ማለዳ፣ አዘዞ፣
ቁልፉ ዝጎ፣ ብርዱ ጣቴን ይዞ፣
የብረቱን ክዳን ከፍቼ ገመዴን እሰዳለሁ፤
አሥር፣ ሃያ... ትንፋሼን ውጬ እቆጥራለሁ።
መዝገቤ ቅኔ የለውም፤ ቀንና ቁጥር ነው ሁሉ፦
በተቀጠርሁበት ጥቅምት፣ ሃያ ሦስት ላይ ጮኸ ደወሉ፤
በዓመቱ ሃያ ሰባት።

አምና ክረምቱ የጉድ ነበረ፤
አንገረብ ደፍርሶ ሞላ፣ ቀሃ ድንጋይ ሲያንከባልል አደረ፤
«ዘንድሮስ ጠገብን» ብሎ አገሩ ተናገረ።
እኔ በኅዳር ገመድ ሰደድሁ፦
ሠላሳ አንድ።
ደግሜ ሰደድሁ፦
ሠላሳ አንድ።

አለቃዬ ሳቀ፦ «ገመድሽ ተስቦ ይሆናላ!»
የተሳበ ገመድ ጥልቁን ያሳንሳል እንጂ
መች ያበዛል፣ ጋሼ? አልሁት፣ በሆዴ፤
ወጣሁ፣ መዝገቤን ታቅፌ በክንዴ።

ዝናቡማ ምን ያድርግ?
የሚጠጣው አፈር የት አለ?
የሽምብራው ማሳ ፌሮ አበቀለ፤
ጠብታው ከቆርቆሮ ቆርቆሮ ዘሎ፣
ኮብልስቶኑን አጥቦ፣ ቱቦውን ሞልቶ፣
በመገጭ አድርጎ ጣና ይገባል ቸኩሎ።
ከታች ያለው ውሃ ክረምት መግባቱን
በወሬ ነው የሚሰማው።

ቧንቧችን በአሥራ አንድ ቀን አንዴ ነው፣ እሱም በውድቅት፤
መጀመሪያ ያፏጫል፣ አየር ብቻ፣ እንደ አስም ያለበት፤
ሰፈሩ በጀሪካን ኳኳታ ይነቃል፣
ሳፋው፣ ድስቱ፣ የሕፃን ጡጦ ሳይቀር ይሞላል።

እትዬ ያምሮት ግን ጉድጓድ አላት፣ ባሏ በእጁ የቆፈራት፤
ገመዱ ሲያጥራት ትቀጥላለች፣ ዓመት በዓመት፦
መጀመሪያ ቃጫ፣ ከዚያ የአህያ መጫኛ፣
ከዚያ ሰማያዊ ላስቲክ፣
ዘንድሮ የራሷን መቀነት።
ደጃፏ ተቀምጠን የእሷን ቋጠሮ ከእኔ ቁጥር ብናስተያይ
ልዩነቱ ስንዝር አልሞላም።
«አንችንስ ደመወዝ ይሰጡሻል» አለች፣
«እኔን ግን ማንም።»

የካቲት ላይ፣ አዛናው ከሚሠራበት ሕንጻ ጓሮ፣
በሌሊት ማሽን ገባ፤
ምድር እስኪነጋ ስትንቀጠቀጥ አደረች።
ከዘጠና ሜትር ውሃ ፈነዳ፣
ባለ ሕንጻው በግ አረደ።
ወንድሜ አንድ ጀሪካን ተሸክሞልኝ መጣ፦
«ጠጪ እንጂ፤ ከመሬት ነው፣ የማንም አይደል።»
ተጠምቼ ነበር።
ጠጣሁ።
ይጣፍጥ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የሚቀጥለው ሰኞ፦ ሠላሳ አራት።
የእትዬ ያምሮት ባልዲ ደረቅ ድንጋይ መታ።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይሉ ነበር፣ ድሮ፤
እኛ ግን ውሃን እየሳቅን ወሰድነው፣
እሱ ሳያየን፣ በጓሮ።

የቀበሌው ስብሰባ ላይ መዝገቤን ዘርግቼ
ቁጥር ብጠራ፣ ቁጥር ብጠራ፣
ግማሹ አዛጋ፣ ግማሹ ስልኩን ነካካ።
ያን ጊዜ ከቦርሳዬ ገመዷን አወጣሁ፣
ከሰብሳቢው ጠረጴዛ እስከ በሩ ዘረጋሁ።
ሰው እየተነሣ ቋጠሮውን ዳሰሰ፤
መቀነቱ ዘንድ ሲደርስ
ማንም አልተነፈሰ።
«ቆጣሪ ይግባ፣ ለሌሊቱም ጉድጓድ ለቀኑም» ተባለ፤
እጅ ሲቆጠር
መጨረሻ የወጣው የአዛናው ነበር።

ትናንት የዚያኑ ጉድጓድ አፍ በሲሚንቶ ሲያበጅ
ውሃ ልኩን ከከንፈሩ ላይ አስቀመጠ፤
አረፋዋ መጣች፣ ተንቀጠቀጠች፣ መሐል ላይ ቆመች።
«ይኸው፣ ልክ ነው» አለኝ።
አልመለስሁለትም፤
ገመዱ ገና እየወረደ ነበር።